ቤት ልትገዛ እያሰብክ ስድስተኛውን ካርድ አትክፈት

ጥያቄው፦ "ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። አሜሪካ ከመጣሁ ሦስት ዓመት ሆነኝ። እንደመጣሁ ያወጣሁት ሊሚቱ (በካርዱ መበደር የምችለው ጣሪያ) 2,500 ዶላር የሆነ አንድ ክሬዲት ካርድ ነበረኝ። ባለፉት 10 ወራት ግን አራት ጨመርኩበት። የመጀመሪያውን ለቦነሱ ብዬ ነው የከፈትኩት፣ ሊሚቱ 3,500 ነው። ከስምንት ወር በፊት ለ18 ወር ወለድ የለውም የተባለ ካርድ አወጣሁ፣ እሱ 5,000 ነው። ከአምስት ወር በፊት የአውሮፕላን ማይል የሚሰጥ ባለ 6,000 ወሰድኩ። ከሁለት ወር በፊት ደግሞ ሱቅ ውስጥ ሂሳብ ስከፍል ቅናሽ አለው ብለውኝ የሱቁን ካርድ ሞላሁ፣ 1,500 ነው። የክሬዲት ስኮሬ 742 ነበር፣ አሁን 698 ሆኗል። አንድም ቀን ክፍያ አሳልፌ አላውቅም። ወለድ በሌለው ካርድ ላይ 4,100 ዶላር አለብኝ፣ በወር 60 ዶላር እከፍላለሁ። ሌሎቹ ባዶ ናቸው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ 'ሁለት ጨምር፣ በማይሉ አዲስ አበባ ደርሰህ ትመለሳለህ' ይለኛል። እኔና ባለቤቴ ግን ከስምንት ወር በኋላ ቤት ለመግዛት አስበናል። በዓመት ስንት ካርድ ቢከፈት ነው ጉዳት የሌለው? የከፈትኳቸውንስ ልዝጋቸው?"

ወንድሜ፣ መልሱን ላስቀድም። የቤቱ ቁልፍ እጅህ እስኪገባ ድረስ አንድም አዲስ ካርድ አትክፈት። የከፈትካቸውንም አትዝጋ። አቅምህን ሁሉ 4,100 ዶላሩ ላይ አውለው። እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ያለው ሰው ብዙ ስለሆነ ምክንያቱን ዘርዘር አድርጌ ልጻፍልህ።

በዓመት ይህን ያህል ክፈት፣ ከዚህ በላይ አትክፈት የሚል ሕግ የለም። በዓመት አምስት ከፍቶ ስኮሩ ከ760 የማይወርድ ሰው አለ። ሁለት ከፍቶ የሚቸገርም አለ። ልዩነቱን የሚያመጣው ካርዱ ላይ ያለው ዕዳና ከፊትህ የሚጠብቅህ ብድር ነው። የእኔ ሥራ የቤት ብድር ማዘጋጀት ነው። በካርድ ብዛት ብቻ ሰው ብድር ሲከለከል አላየሁም። ደጋግሜ የማየው ሌላ ነገር ነው። ደህና ክሬዲት ያለው ሰው፣ ቤት ሊገዛ ጥቂት ወር ሲቀረው ካርድ ይከፍታል። ስኮሩ በማይሆን ሰዓት ይወርዳል። በዚያ ምክንያት ለ30 ዓመት የሚቆይ ብድር በውድ ይወስዳል። ይህ ነገር ሁልጊዜ ያንገበግበኛል፤ ምክንያቱም ትንሽ በመታገስ ብቻ የሚቀር ኪሳራ ነው።

ስኮርህ 44 ነጥብ ለምን እንደወረደ እንየው። ብዙ አበዳሪዎች የሚጠቀሙበት ፋይኮ የተባለው ስኮር ከ300 እስከ 850 ይሄዳል። 35 በመቶው በሰዓቱ መክፈልህን ነው የሚያየው። 30 በመቶው የተሸከምከውን ዕዳ። 15 በመቶው የክሬዲትህን ዕድሜ። 10 በመቶው አዲስ የከፈትካቸውን፣ የቀረው 10 በመቶ ደግሞ ያሉህን የብድር ዓይነቶች። አንተ በትልቁ፣ በ35 በመቶው፣ ንጹህ ነህ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። 30 ቀን ያለፈው አንድ ክፍያ እንኳ የክሬዲት ሪፖርት ላይ፣ ማለትም የብድር ታሪክህ በሚመዘገብበት ሰነድ ላይ፣ ሰባት ዓመት ይቀመጣል፣ አንተ ጋ ያ የለም። ስለዚህ አይዞህ፣ የሚስተካከል ነገር ነው።

ካርድ ባመለከትክ ቁጥር ባንኩ ሪፖርትህን ይጎትታል። ሃርድ ኢንኳየሪ የሚሉት እሱን ነው። ሪፖርትህ ላይ ሁለት ዓመት ይቆያል፣ ፋይኮ የሚቆጥረው ግን ያለፉትን 12 ወራት ብቻ ነው። ለአብዛኛው ሰው አንዱ ኢንኳየሪ የሚቀንሰው ከ5 ነጥብ በታች ነው። ክሬዲቱ ገና አጭር የሆነ ሰው ላይ፣ ማለትም እንዳንተ ያለው ላይ፣ ትንሽ ይከብዳል። እዚህ ላይ ሰው የሚሳሳተው፣ ለቤት ወይም ለመኪና ብድር አምስት ቦታ ብትጠይቅ እንደ አንድ ይቆጠራል ሲባል ሰምቶ ለካርድም የሚሠራ ስለሚመስለው ነው። ለቤትና ለመኪና እውነት ነው። በአዲሶቹ የፋይኮ ስሪቶች በ45 ቀን ውስጥ፣ በአንዳንድ የቆዩት ደግሞ በ14 ቀን ውስጥ የተደረገ ጥያቄ እንደ አንድ ይያዛል። ለክሬዲት ካርድ ግን አይሠራም። አራት ካርድ በአንድ ቀን ብታመለክት እንኳ አራት ኢንኳየሪ ነው።

ቀጥሎ ዕድሜው። የመጀመሪያው ካርድህ ብቻ በነበረበት ጊዜ የክሬዲትህ አማካይ ዕድሜ የሱው ዕድሜ ነበር። አሁን 36 ወር፣ 10 ወር፣ 8 ወር፣ 5 ወርና 2 ወር ናቸው። ደምረህ ለአምስት ስታካፍለው 12 ወር ገደማ ይመጣል። የሦስት ዓመት ሰው የነበርከው በአንዴ የአንድ ዓመት ሰው ሆንክ ማለት ነው። እቁብ ውስጥ አዲስ የገባ ሰው "የመጀመሪያውን ዕጣ ለእኔ ስጡኝ" ቢል ዳኛው ክፉ ሰው ነው አይለውም፣ ግን ቆይ እስቲ ይላል። ስኮሩም የሚለው ይህንኑ ነው። ቆይ እስቲ። መድኃኒቱ ጊዜ ብቻ ነው፣ ሌላ መላ የለውም።

እነዚህ ሁለቱ ተደምረው ግን የአንተን 44 ነጥብ የሚያስረዱ አይመስለኝም። ዋናው ጣጣ ወለድ የሌለው ካርድህ ነው። ሊሚቱ 5,000፣ ዕዳው 4,100። 82 በመቶው ተይዟል። ብዙ ሰው ወለድ ስለማይከፍልበት ካርዱ የሚጎዳው አይመስለውም። ስኮሩ ግን ወለድህን አያይም። የሚያየው ከሊሚቱ ስንት እንደተጠቀምክ ነው። የሚያየውም ሁለት ጊዜ ነው፤ አንዴ ካርዶችህን በሙሉ ደምሮ፣ አንዴ ደግሞ እያንዳንዱን ካርድ ለብቻው። በድምሩ የአንተ ሊሚት 18,500 ነው፣ 4,100 ከዚያ ላይ 22 በመቶ ነው። ይህ ደህና ነው። ያ አንዱ ካርድ ለብቻው ሲታይ ግን እስከ አፉ ሊሞላ ትንሽ ቀርቶታል። ከ30 በመቶ በታች ይሁን የሚባለውን ሰምተህ ይሆናል። ቤት ለሚገዛ ሰው እኔ የምለው ከ10 በመቶ በታች ነው።

እዚህ ጋ ነው "ልዝጋቸው?" ላልከው መልሱ ያለው። ባዶ የሆኑትን ሦስቱን አዳዲስ ካርዶች ብትዘጋ 11,000 ዶላር ሊሚት ይጠፋብሃል። የሚቀርህ 7,500 ነው። ያው 4,100 ዕዳ በድምሩ ከ22 በመቶ ወደ 55 በመቶ ገደማ ይዘላል። ምንም ሳትበደር፣ ካርድ ስለዘጋህ ብቻ። ዕድሜውም ቢሆን በመዝጋት አይመለስም። በደህና የተዘጋ ካርድ ሪፖርት ላይ እስከ 10 ዓመት ይቆያል፣ ፋይኮም አማካዩን ሲያሰላ እሱንም ይቆጥረዋል። ኢንኳየሪውም አይሰረዝም። የመዝጋት ትርፉ ምንም ነው። ዓመታዊ ክፍያ ያለው ካርድ ካለና የማትጠቀምበት ከሆነ፣ ከቤቱ በኋላ ደውለህ ክፍያ ወደሌለው ካርድ ቀይሩልኝ በል። ባንኮች ይህን ብዙ ጊዜ ያደርጋሉ።

ደስ የሚለው ነገር ደግሞ ይህ ነው። አሁን በብዛት የሚሠራባቸው ስኮሮች ባለፈው ወር ስንት ተጠቅመህ እንደነበር አያስታውሱም። ዛሬ 82 የነበረው በሚቀጥለው ወር 9 ሆኖ ከተገኘ የሚያዩት 9ኙን ነው። ኢንኳየሪው ዓመት ያስጠብቅሃል፣ ዕድሜው ዓመታት ያስጠብቅሃል፣ የዕዳው ጉዳይ ግን በአንድ ስቴትመንት (ባንኩ በየወሩ በሚልክልህ የሂሳብ መግለጫ) ይስተካከላል። ባንኩ የብድር ታሪክ ለሚመዘግቡት ክሬዲት ቢሮዎች የሚልከው ባብዛኛው ስቴትመንቱ የሚዘጋበት ቀን ያለውን ባላንስ፣ ማለትም ዕዳ ነው። የመክፈያው ቀን ከዚያ ቢያንስ 21 ቀን በኋላ ነው፣ የ2009ኙ የክሬዲት ካርድ ሕግ እንደዚያ ያዛል። ስለዚህ በወሩ የተጠቀምከውን ሁሉ በመክፈያው ቀን ጨርሰህ ብትከፍልም፣ ስቴትመንቱ ሲዘጋ ከፍተኛ ባላንስ ከነበረ ሪፖርቱ ላይ የሚታየው እሱ ነው። ወደ ብድሩ ስትቃረብ ስቴትመንቱ ከመዘጋቱ ሁለት ሦስት ቀን ቀደም ብለህ ክፈል።

አሁን ወደ እኛ ቢሮ ልውሰድህ፣ ምክንያቱም ሰው የማያውቀው ይህን ነው። መጀመሪያ 698 ያልከው ከየት ያየኸው ነው? ክሬዲት ካርማ ከሚባለው ነጻ አፕ ከሆነ እሱ የሚያሳይህ ቫንቴጅ የተባለ ሌላ ስኮር ነው። የቤት አበዳሪው የሚያወጣው ከዚያ ሊለይ ይችላል፣ አንዳንዴም በብዙ። እኛ ከሦስቱ ክሬዲት ቢሮዎች፣ ከኤክስፒርያን፣ ከኢኩዊፋክስና ከትራንስዩኒየን ሦስት ስኮር እናወጣለን። መካከለኛውን እንወስዳለን። 681፣ 698 እና 710 ቢመጣ ያንተ 698 ነው። ባለቤትህ አብራህ ከፈረመች የሷም እንዲሁ ይወጣል፣ ዝቅ ያለውም ብዙ ጊዜ ዋጋውን ይነካል።

ከዚያ አንደርራይተሩ፣ ማለትም ብድሩን መርምሮ የሚወስነው ሰው፣ ሪፖርቱን መስመር በመስመር ያነበዋል። ባለፉት ሦስትና አራት ወራት የተደረጉ ኢንኳየሪዎች ካሉ እያንዳንዳቸውን የሚያብራራ ደብዳቤ ፈርመህ ስጥ ትባላለህ። ለምን አመለከትክ? ካርዱ ተከፈተ ወይስ አልተከፈተም? ስንት ዕዳ አለበት? ደብዳቤው ራሱ ከባድ ነገር አይደለም። ችግሩ ከጀርባው ያለው ጥርጣሬ ነው። ቤት ሊገዛ ያለ ሰው በአጭር ጊዜ ብዙ ክሬዲት ከፈለገ፣ ለዳውን ፔይመንቱ (ለቤቱ ቅድሚያ ክፍያ) እየተበደረ ይሆን? ይላሉ። የወር ክፍያዎችህም ከገቢህ ጋር ይመዘናሉ። ለካርድ የሚቆጠረው ሪፖርቱ ላይ ያለው ሚኒመም፣ ማለትም ዝቅተኛው የወር ክፍያ ነው። ሚኒመሙ ሪፖርቱ ላይ ካልታየ የባላንሱን 5 በመቶ ይይዛሉ፣ ያ ለአንተ በወር 205 ዶላር ይሆናል።

ከሁሉ በላይ እንድትይዝልኝ የምፈልገው ይህንን ነው። ብድሩ ተፈቀደ ማለት አለቀ ማለት አይደለም። ክሎዚንጉ (የመጨረሻው ፊርማና ርክክብ) ሊደርስ ቀናት ሲቀሩት ክሬዲትህ እንደገና ይታያል። ሰው ኮንትራት ከፈረመ በኋላ ደስ ብሎት ለአዲሱ ቤት ሶፋና ቴሌቪዥን ሊገዛ ይሄዳል። ሱቁ የራሱን ካርድ ይሰጠዋል። በሁለት ሳምንት ውስጥ አዲስ ኢንኳየሪ፣ አዲስ ካርድና 3,000 ዶላር ዕዳ ፋይሉ ውስጥ ቁጭ ይላል። ፋይሉ ወደ አንደርራይተሩ ይመለሳል። ክሎዚንጉ ይገፋል፣ ሻጩ ይቆጣል፣ አንዳንዴም ብድሩ ይቀራል። እባክህን ሶፋው ይቆይ። ባዶ ቤት ውስጥ ምንጣፍ አንጥፎ አንድ ወር መክረም ይቻላል።

ስለ ስንት ገንዘብ እንደምንነጋገር በቁጥር ላሳይህ። ለምሳሌ 400,000 ዶላር ለ30 ዓመት ብትበደር፣ በ6.5 በመቶ ዋናውና ወለዱ በወር 2,528 ዶላር ገደማ ነው። በ6.75 በመቶ ደግሞ 2,594። ልዩነቱ በወር 66 ዶላር፣ በ30 ዓመት ወደ 23,800 ዶላር ነው። ወለድ በየቀኑ ስለሚቀያየር እነዚህን ለስሌት ብቻ ያዛቸው። ዳውን ፔይመንትህ ከ20 በመቶ በታች ሆኖ ኮንቬንሽናል (መንግሥት ዋስ ያልሆነበት) ብድር ከወሰድክ ደግሞ ፒኤምአይ የሚባለው ኢንሹራንስ ይጨመራል፣ እሱም ስኮሩ ዝቅ ባለ ቁጥር ይወደዳል። እንግዲህ የ500 ወይም የ700 ዶላር ቦነስ ከዚህ ጋር አስተያየው። በ698 ብድር ትከለከላለህ ማለቴ አይደለም። በኤፍኤችኤ፣ ማለትም መንግሥት ዋስ በሚሆንበት ብድር፣ 580 ያለው ሰው እንኳ በ3.5 በመቶ ዳውን ፔይመንት ማመልከት ይችላል። የምልህ በ698 እና በ742 የሚሰጥህ ዋጋ አንድ አይደለም ነው።

ባልደረባህ ስላለው የማይል ነገር። ሰውየው አልዋሸህም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከ2011 ጀምሮ የስታር አሊያንስ አባል ስለሆነ፣ በዩናይትድ አየር መንገድ ማይል ከዋሽንግተን ዳለስ አዲስ አበባ የሚበረውን ትኬት መቁረጥ ይቻላል። ለቤተሰብ ትኬት በየዓመቱ ለሚከፍል ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ዋጋውን አላጣጥለውም። ነገር ግን ለገና፣ ለጥምቀትና ለክረምቱ በማይል የሚገኝ ወንበር ጥቂት ነው። ቦነሱም እንዲሁ አይመጣም። ብዙውን ጊዜ በሦስት ወር ውስጥ 3,000 ወይም 4,000 ዶላር አውጣ ይሉሃል። በወር 800 ዶላር በካርድ የሚያወጣ ሰው እዚያ ለመድረስ የማያስፈልገውን ይገዛል። ዕዳው ሲያድር ደግሞ፣ ወለዱ 24 በመቶ ቢሆን፣ 4,000 ዶላር በወር 80 ዶላር ይበላል። ጥቂት ወር ካደረ የቦነሱ ግማሽ ሄደ። ማይል የሚያዋጣው ባላንሱን በየወሩ ጥርግ አድርጎ ለሚከፍል ሰው ብቻ ነው። አንተ አንድ የማይል ካርድ አለህ። ጋዙንና አስቤዛውን በሱ ክፈል፣ በየወሩ ጨርስ፣ ይበቃሃል። ሌላውን ከቤቱ በኋላ ታስብበታለህ።

ባንኮቹም ቢሆኑ የየራሳቸው መቁጠሪያ አላቸው። ቼዝ ባለፉት 24 ወራት ከየትኛውም ባንክ አምስት ካርድ የከፈተ ሰው ካርዶቹን እንደማይሰጥ በሰፊው ይታወቃል። አንተ አራት ላይ ነህ፣ የሱቁም ሊቆጠርብህ ይችላል። የሦስት ዓመቱ አይገባም። አንድ ብትጨምር የቼዝ በር ለጊዜው ይዘጋብሃል ማለት ነው። ባንክ ኦፍ አሜሪካ ከራሱ ካርዶች በሁለት ወር ሁለት፣ በዓመት ሦስት፣ በሁለት ዓመት አራት ላይ እንደሚያቆም ይነገራል። አሜሪካን ኤክስፕረስ ደግሞ አንዱን ካርድ ከዚህ በፊት ይዘህ ከነበረ የመጀመሪያውን ቦነስ ሊከለክልህ እንደሚችል ውሉ ላይ ጽፎታል። ስለዚህ ወደፊትም ቢሆን የትኛውን ካርድ ቀድሜ ልውሰድ የሚለው ሊታሰብበት ይገባል። የሱቅ ካርድ ለ15 ዶላር ቅናሽ ብሎ መውሰድ ከነዚህ ቦታዎች አንዱን ማባከን ነው።

ስለ ሱቅ ካርድ ካነሳን አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። የባንክ ካርድ 0% ወለድ ሲል ጊዜው ሲያልቅ ወለድ የሚጀምረው በቀረው ዕዳ ላይ ነው። ብዙ የሱቅ ካርዶች ግን "በ12 ወር ከጨረስክ ወለድ የለም" ነው የሚሉት። ይህ ሌላ ነው። በመጨረሻው ቀን 20 ዶላር እንኳ ብትቀርብህ፣ ከገዛህበት ቀን ጀምሮ ያለውን ወለድ በሙሉ ይጭኑብሃል። ያንተን የሱቅ ካርድ ወረቀት አውጥተህ እይ።

አሁን ወደ 4,100ው። 18 ወር ተብለሃል፣ ስምንቱ አልፏል፣ አስር ቀርቶሃል። በወር 60 ዶላር እየከፈልክ ብትቀጥል አስሩ ወር ሲያልቅ 3,500 ዶላር ይቀርሃል። ወለዱ ያኔ 24 በመቶ ቢጀምር በወር 70 ዶላር ነው። የምትከፍለው 60 ወለዱን እንኳ አይሸፍንም። ስለዚህ 4,100ን ለአስር አካፍለውና በወር 410 ዶላር ክፈል። ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ለዳውን ፔይመንት የምታጠራቅም ሰው ስለሆንክ የምታስቀምጠው ነገር አለህ፣ ከዚያ ላይ ቀንስ። በስድስት ወር 1,640 ይደርሳል። ያ ካርድ ለብቻው 33 በመቶ፣ በድምሩ ደግሞ 9 በመቶ ይሆናል። ብድር ልታመለክት ስትል የቀረውን ከቻልክ ጥርግ አድርገው። ወደ ሌላ ካርድ ባላንስ ትራንስፈር ላድርግ ካልክ ግን አይሆንም። 3 እስከ 5 በመቶ ክፍያ አለው፣ ደግሞም አዲስ ካርድ መክፈት ነው።

እቁብ አለህ? እዚህ ዲሲ አካባቢ ብዙዎቻችን አለን። ካለህና ዕጣው በነዚህ ወራት የሚደርስህ ከሆነ፣ ለዚህ ዕዳ ከዚያ የተሻለ ገንዘብ የለም። ዳኛውን አነጋግረህ ቀደም ብሎ እንዲሰጥህ ጠይቅ፣ ሰው ይረዳሃል። ጊዜውን ግን ልብ በል። አበዳሪው አብዛኛውን ጊዜ የመጨረሻዎቹን ሁለት ወር የባንክ ስቴትመንት ይጠይቃል። እዚያ ውስጥ ከደመወዝህ ውጪ ወፈር ያለ ገንዘብ ከገባ ከየት እንደመጣ በወረቀት አስረዳ ይልሃል። እቁብ ደግሞ ብዙ ጊዜ ወረቀት የለውም፣ ለአንደርራይተር ማስረዳትም ያስቸግራል። ስለዚህ ዕጣው ከማመልከትህ ብዙ ወር ቀድሞ ቢወጣና ቀጥታ ወደ ካርዱ ቢሄድ ይሻላል። የእቁቡን ስም ዝርዝርና የከፈልክበትን የዜል ወይም የቼክ ማስረጃም አስቀምጥ። ቢጠይቁህ እውነቱን ከነማስረጃው ትሰጣለህ።

ሌላው፣ በክሬዲት ካርድ አገር ቤት ገንዘብ አትላክ። ብዙ ባንኮች እንደ ካሽ አድቫንስ፣ ማለትም በካርዱ ጥሬ ገንዘብ እንዳወጣህ፣ ነው የሚያዩት። ካሽ አድቫንስ የራሱ ክፍያ አለው፣ ወለዱም ከዚያው ቀን ይጀምራል፣ የምሕረት ጊዜ የለውም። በዴቢት ወይም ከባንክ ሂሳብህ ላክ። ካርድህ ላይ ዘመድ መጨመርም እንዲሁ ነው። የአጎት ልጅ አዲስ መጥቶ "ስምህ ላይ አስገባኝ" ቢልህ፣ እሱ ያወጣው ዕዳ በሕግ የአንተ ነው። መርዳት ከፈለግክ ስሙን አስገባና ፕላስቲኩን አንተ ጋ አስቀምጠው፣ ታሪኩ ብቻ ይጠቅመዋል።

ይህንኑ ለባለቤትህ ልታደርገው ትችላለህ። የሷን ክሬዲት አልነገርከኝም። አጭር ከሆነ የሦስት ዓመቱ ካርድህ ላይ አስገባት፣ የካርዱ ዕድሜ እሷም ሪፖርት ላይ ሊወጣ ይችላል። 82 በመቶው የተያዘው ካርድ ላይ ግን እንዳታስገባት። እሷም በነዚህ ስምንት ወራት ካርድ አትክፈት።

አዲስ መጥታችሁ ይህን የምታነቡ፣ በተለይ በዲቪ ገብታችሁ ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥራችሁ ገና የደረሰ፣ ለእናንተ ሌላ ነው። የአገር ቤት የባንክ ታሪክ እዚህ አይከተላችሁም፣ ከዜሮ ነው የምትጀምሩት። ፋይኮ ስኮር ለመውጣት ቢያንስ ስድስት ወር የሆነው አንድ ሂሳብ ያስፈልጋል። 200 ወይም 300 ዶላር አስይዛችሁ ሴኪዩርድ ካርድ አውጡ። አንድ ብቻ። በወር አንድ ሁለት ነገር ክፈሉበትና ጨርሱት። ሁለተኛውን ዓመት ሲሞላው አስቡት። በመጀመሪያው ወር አምስት ቦታ አመልክቶ አምስቱም ጋ የሚከለከል ሰው ብዙ ነው። ከማመልከታችሁ በፊት የባንኩ ድረ ገጽ ላይ ቅድመ ማጣሪያ ካለ እሱን ሞክሩ። ሶፍት ኢንኳየሪ ስለሆነ ስኮር አይነካም።

ወንድሜ፣ ዛሬ ማታ ይህን አድርግልኝ። አኑዋል ክሬዲት ሪፖርት ዶት ኮም ገብተህ ሦስቱንም ሪፖርት አውጣ፣ በየሳምንቱ በነጻ ይሰጣል። አምስቱ ካርዶች በትክክል መመዝገባቸውን፣ የማታውቀው ሂሳብ አለመኖሩን አረጋግጥ። ስህተት ካገኘህ አሁኑኑ ተቃውሞ አስገባ። ማጣራቱ አብዛኛውን ጊዜ እስከ 30 ቀን ይፈጃል፣ በብድሩ መካከል ከመሆን አሁን ቢያልቅ ይሻላል። በአምስቱም ካርድ ላይ አውቶፔይ ክፈት፣ ባዶዎቹም ላይ ጭምር። ከዚያ የ0%ቱን ካርድ ስቴትመንት ግለጥና ወለድ የለሹ ጊዜ የሚያልቅበትን ቀን ፈልግ። 18 ወሩ ከየትኛው ቀን እንደተቆጠረ ብዙ ሰው አንድ ወር ይሳሳታል። ያንን ቀንና የባለቤትህን ስኮር ጻፍልኝ፣ በወር ስንት እንደምትከፍሉ አብረን እናስተካክለዋለን።